አንጋጫ ላይ ሳንጣላ ታረቅን

የመጀመሪያው ቀን፦ ከአዲስ አበባ እስከ ሆሳዕና

ይህን የምጽፈው አንጋጫን አይተው ለማያውቁ ነው። የሚያውቋትማ እኔ ላይ የደረሰውን ሰምተው፣ ስቀው ጨርሰዋል።

ባለቤቴ አማረች ወደ ትውልድ አገሯ ይዛኝ ስትሄድ ከሁሉ አስቀድማ የለመነችኝ ዝም እንድል ነበር። ለሌላ ባል ቀላል ነገር ነው። እኔ ግን የመኪና መንዳት አሠልጣኝ ነኝ፤ የምኖረው በአፌ ነው። ከጧት እስከ ማታ ከሚንቀጠቀጥ ተማሪ አጠገብ ተቀምጬ «ፍሪሲዮን ያዝ፣ መስታወት እይ፣ ቀስ፣ ኧረ ቀስ!» ስል እውላለሁ። የማሠልጠኛ መኪናችን በእኔ በኩልም ፍሬን አላት፤ ተማሪው ሲያጠፋ እኔ እረግጣለሁ። ይህን ሥራ ለረጅም ዓመት የሠራ ሰው፣ የዓለም ነገር ሁሉ በእሱ እግር የሚቆም ይመስለዋል።

የሄድንበት ጉዳይ ግን ቀልድ አልነበረም። አማረች ግራ ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ ሐኪም ቤት ሄደን ነበር። ሐኪሙ በመርፌ ናሙና ወሰደና «ውጤቱ ሳምንት ገደማ ይፈጃል፤ ሲደርስ እንደውላለን» አለን። ካንሰር የሚለውን ቃል እሱም አልጠራው፣ እኛም አልጠራነውም፤ ቃሉ ግን አብሮን ታክሲ ተሳፍሮ ቤት ገባ። ያን ቀን ሐኪም ለሆነ፣ ሐኪም ለሚያውቅ፣ ሐኪም ቤት አጠገብ ሱቅ ላለው ሰው ሁሉ ስደውል አመሸሁ። አማረች ዝም ብላ ታየኝ ነበር። በማግስቱ «ግርማ፣ ውጤቱ እስኪመጣ እናቴ ቤት ሄጄ ጽሞና መግባት እፈልጋለሁ» አለችኝ።

አማረች ካቶሊክ ናት። ልጅ ሆና መነኮሳይያቱ ዘንድ ስትማር ነው ይህን የለመደችው። ስልክ ይጠፋል፣ ወሬ ይቆማል፣ ሰው ለብቻው ተቀምጦ በእግዚአብሔር ፊት ይቆያል፤ በቃ።

«እዚያ ተቀምጦ ምን ይባላል?» አልኳት።

«ምንም።»

«ታዲያ እግዚአብሔር የምንፈልገውን በምን ያውቃል?»

ሳቀችብኝ። እኔ የሰፈሬ ደብር ሰው ነኝ። የጸሎት መጽሐፌን ቶሎ ቶሎ ካነበነብኩ በኋላ ጉዳዬን በዝርዝር አቀርባለሁ፤ አንዳንዴም አፈጻጸሙን ጭምር እጠቁማለሁ። አማረች በዚህ ላይ አንድ ነገር አስማለችኝ፤ ስለ እብጠቱ ቤተሰቧ እንዳይሰማ። «ወንድሜ ከሰማ ሳልሞት ይለቀስልኛል» አለች። ማልኩላት።

ሚኒባሱ ወደ ቡታጅራ ሲያቀና የሾፌሩን አነዳድ ማረም ጀመርኩ፤ በልቤ ነው፣ ቃል ገብቻለሁና። እግሬን ግን መግዛት አልቻልኩም። ኩርባ ላይ ሲቀድም ወለሉን ረገጥኩ። አህያ ሲገባበት ረገጥኩ። ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት ከወንበራቸው ስር የሚደበደበውን ሰምተው ዞሩና «ልጄ፣ እግርህን ያምሃል እንዴ?» አሉኝ። አማረች ቀደም ብላ «አዎ እማማ፣ የቆየ ሕመም ነው» አለችልኝ። ሴትየዋም እስከ ወራቤ ድረስ ለእግር የሚሆን ቅባት ዓይነት ሲያዙልኝ ሄዱ።

ቡታጅራ ላይ ክትፎ በቆጮ በላን። አዲስ አበባ ቆጮ ከክትፎው ዳር ለዓይን ያህል ጣል ይደረጋል፤ እዚህ ሲያልቅ ሳይጠየቅ ይጨመራል፣ እምቢ ስትል ደግሞ «አልጣፈጠህም?» ተብለህ ትከሰሳለህ። አማረች ጥሩ በላች። እኔ ስትበላ እያየሁ፣ በሽተኛ እንዲህ ይበላል እንዴ፣ አይበላም እያልኩ ለራሴ ምርመራ አደርግ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሆሳዕና ገባን። ልጃችን ለዘመድ ሁሉ ልብስ ጠቅጥቃ የሞላችው ትልቅ ቀይ ሻንጣ ነበረን፤ ባጃጁ ውስጥ ሻንጣው ከአማረች ጎን እንደ ሰው ተቀመጠና እኔ ከሾፌሩ አጠገብ ተንጠለጠልኩ። መስቀለኛው መንገድ ላይ እግሬ የለመደውን አደረገ። ባጃጅ ነጂው ወደ እኔ ሳይዞር «ጋሼ፣ ፍሬኑ በኔ በኩል ነው» አለ። አማረች ከኋላ ስትስቅ ሰማኋት። ከሐኪም ቤት ከወጣን ጀምሮ እንደዚያ ስትስቅ አልሰማሁም ነበርና ስድቡን በደስታ ተቀበልኩት።

ያደርንበት ፔንሲዮን ውሃ ጠፍቶበት ነበር። አዲስ አበባ ቢሆን «ውሃ የለም» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ይለጠፍና ነገሩ ያበቃል። እዚህ ባለቤቲቱ ሴትዮ ራሷ ምድጃ ላይ ያሞቀችውን ውሃ በባልዲ አምጥታ ደጃችን ላይ አስቀመጠች። ስናመሰግናት «ታጥባችሁ ኑ፣ አታካና ሠርቻለሁ» አለች። አታካና ቡላ በቅቤና በወተት ሲሠራ ነው። የመጀመሪያው ጉርሻ ላይ አደነቅኩ፣ ሁለተኛው ላይ ዝም አልኩ፣ ከዚያ በኋላ የምናገርበት ቦታ አልነበረኝም። አማረች «እግዚአብሔር ይስጥልን፤ እኔ ያልቻልኩትን አንቺ ቻልሽ» አለቻት።

ሁለተኛው ቀን፦ አንጋጫ

ከሆሳዕና ወደ አንጋጫ የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ ብዙ ጠበቅን። እኔ ስቁነጠነጥ አማረች ከተሳፋሪዎቹ ጋር በከምባትኛ ወግ ጀመረች። ከተማ ውስጥ ቁጥብ የሆነችው ሴትዮ እጇን እያወናጨፈች ስታወራ፣ አጠገቤ ያለችው የማላውቃት ጎበዝ ልጃገረድ መሰለችኝ። ይህችን ሴት ሊወስድብኝ የሚችል ነገር ከልብሷ ስር እንዳለ ማሰብ አልቻልኩም፤ አለማሰብም አልቻልኩም።

መንገዱ በኮረብታና በእንሰት መካከል ነው። የእኛ ሰፈር ሰው ግቢውን በብሎኬት አጥሮ ጫፉ ላይ ጠርሙስ ይሰካል፤ እዚህ የሰው ቤት በእንሰት ተከቦ በሩ ክፍት ነው፤ ማንም ሰተት ብሎ ይገባል። ነገሩ ውበት መስሎኝ አደነቅኩት። ምን መዘዝ እንዳለው በኋላ ነው የገባኝ።

የአማረች ታላቅ ወንድም ጋሽ ኤርሲዶና ባለቤታቸው ብዙነሽ ደጅ ድረስ ወጥተው ተቀበሉን። ሰላምታው ከልጆቻችን ጀመረ፣ ወደ ጎረቤቶቻችን ዘለቀ፣ የማሠልጠኛ መኪናዋ ደኅንነት ሳይቀር ተጠየቀ። ከዚያ ጋሽ ኤርሲዶ ቀዩን ሻንጣ አዩት።

«ምነው በደኅና ነው?»

«በደኅና ነው። ለዕረፍት ነው» አልኩ።

«ይሄ ሁሉ ሻንጣ ለዕረፍት?»

ለዘመድ የመጣ ልብስ ነው እንዳልል አማረች ክርኗን ጎኔ ላይ አሳረፈችብኝ፤ ስጦታው የሚከፈተው መጨረሻ ላይ እንዲሆን ፈልጋለች። ስለዚህ ዝም አልኩ። አማረች ቀጥላ «እኔ የእናቴ ቤት ነው የምተኛው» አለች። በግቢው ጥግ ያለች፣ እናቷ ካረፉ ወዲህ የተዘጋች ትንሽ ቤት ናት። ብዙነሽና ጋሽ ኤርሲዶ ተያዩ። እኔ ቤቷ ቁንጫ ይኖራት ይሆን ብለው የተያዩ መስሎኝ «ግድ የለም፣ እንጠርጋታለን» አልኩ።

ሦስተኛው ቀን፦ ዝምታው

ጧት አማረች ሁለት በርጩማ አወጣች። አንዱን እንሰቱ ጥግ አድርጋ ፊቷን ወደ ሐምበሪቾ ተራራ አዙራ ተቀመጠች። የእኔን ራቅ አድርጋ ወደ መንገዱ አዞረችው፤ ከተያየን እንደማወራ ታውቃለች። ጀርባ ለጀርባ ሆንን። «እስከ ከሰዓት ድረስ አንነጋገርም» አለችኝ። «ስልክህን አጥፋው። የምትለው ሲያልቅብህ አትፍራ፤ ከዚያ ነው የሚጀምረው።»

የምለው አላለቀብኝም። «ጌታ ሆይ፣ እብጠቱ ውሃ የቋጠረ ብቻ ይሁን» ብዬ ጀመርኩ። ያ ካልተቻለ ስብ ይሁን። ያም ካልሆነ ገና ጅምር ይሁን። ሐኪሙም ጥንቁቅ ይሁን፤ ናሙናው ከሌላ ሰው ጋር አይቀያየር፤ የሚያየው ባለሙያ ያን ቀን ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ አይግባ። እንዲህ እያልኩ ስሄድ፣ እግዚአብሔርን መሪ አስይዤ ከጎኑ «ቀስ፣ ወደ ግራ፣ መስታወት እይ» የምለው መሆኔ ታወቀኝ። አፈርኩ። ግን አላቆምኩም።

ችግሩ የግቢው በር ክፍት መሆኑ ነው። መንገደኛው ሁሉ ሰላምታ ይሰጣል፤ የዚህ አገር ሰላምታ ደግሞ ጎንበስ ብለህ የምታልፈው አይደለም፣ ቁጭ ብለህ የምትጨርሰው ነው። አማረች ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ እጅ ነስታ፣ ፈገግ ብላ መልሳ ትቀመጣለች። እኔም እንደሷ አደርጋለሁ። ሰውም እሷን ያያል፣ እኔን ያያል፣ በመካከላችን ያለውን ባዶ ቦታ ያያል፣ ድምፁን ቀንሶ ይሄዳል። ብዙነሽ ቆጮና ጎመን በአይብ በአንድ ሰሃን አቀረበችልን። አማረች ድርሻዋን ለይታ ወደ በርጩማዋ ወሰደች። ብዙነሽ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ቆማ አየችን። ምናለ ያን ጊዜ አንድ ቃል ብናገር!

ረፋዱ ላይ አልቻልኩም። ሽንት ቤት የምሄድ መስዬ ከእንሰቱ ጀርባ ዞርኩና ስልኬን አበራሁ። ኔትወርኩ ጎረቤት አጥር ስር ድንጋይ ላይ ሲቆሙ ብቻ ነው የሚመጣው። አማረች እንዳትሰማ አፌን በእጄ ከልዬ «ሲስተር፣ እኔ ነኝ። እባክሽ ዛሬም ምንም የለም?» አልኩ። የላቦራቶሪ ክፍሏ ነርስ አሁንማ ድምፄን ለምዳዋለች። ቀና ስል ከአጥሩ ማዶ ጎመን የምትቀነጥስ ሴት ቆማ ታየኛለች። ሰላም ልላት ሲገባኝ ስልኩን ኪሴ ውስጥ ወሸቅኩት። ከሰዓት በፊት ሁለቴ ተመለስኩ፤ ሴትየዋ ሁለቴም ነበረች። ያን ቀን የተቀነጠሰው ጎመን መጠን እስካሁን ይደንቀኛል።

የገበያ ቀን ስለነበር ከሰዓት በኋላ ከጋሽ ኤርሲዶ ጋር ወጣሁ። ጋሽ ኤርሲዶ መንገዱን ሙሉ አላናገሩኝም። ገበያው ውስጥ ሰው በሐዘኔታ ያየኛል። ድንች የገዛሁባት ሴት መርቃ ጨመረችልኝና «አይዞህ» አለችኝ። ስለ እብጠቱ የሰሙ መሰለኝ። ጋሽ ከድር የሚባሉ፣ ገበያው ላይ ቅመም የሚነግዱ ሙስሊም ጎረቤት እጄን ጨብጠው ሳይለቁ ብዙ ቆዩ።

«ነገ እንመጣለን» አሉኝ።

«ምነው፣ ለምን ጋሼ?»

«እንመጣለን» አሉና ኮረሪማቸውን መመዘን ቀጠሉ።

አራተኛው ቀን፦ ሽምግልናው

መጡ። ጋሽ ከድር ነጭ ቆባቸውን አጥልቀው፣ ከሳቸው ጋር ጡረታ የወጡት መምህር ጋሽ ማቴዎስ፤ አማረችን ፊደል ያስቆጠሯት እሳቸው ናቸው። አግዳሚ ወንበር ወጣ። እኔና አማረች ፊት ለፊታቸው እንድንቀመጥ ተደረገ፤ ጋሽ ኤርሲዶ ከጎን፣ ብዙነሽ ከኋላ። ጋሽ ማቴዎስ አማትበው ጸለዩ፤ ጋሽ ከድር እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ሁላችንም ለሁለቱም አሜን አልን። እኔ የእንግዳ አቀባበል ሥርዓት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

«ግርማ» አሉ ጋሽ ማቴዎስ፣ «አማቻችን ነህ፣ እናከብርሃለን። ልጃችንን ስትወስዳት በሽማግሌ ነው የወሰድካት። ልትመልሳትም ካሰብክ በሽማግሌ ነበር። ልብሷን በሻንጣ አድርገህ፣ ግቢ አስገብተህ፣ ጀርባህን ሰጥተሃት መቀመጥ ምንድነው?»

አልገባኝም። ጋሽ ኤርሲዶ ናቸው ያስረዱኝ። «እዚህ አገር ባል ሚስቱን ወንድሞቿ ግቢ አምጥቶ ካላነጋገራት ትርጉሙ አንድ ነው። ተቀበሉኝ፣ በቃችኝ ማለት ነው። ሴት ልጅ ደግሞ ወደ እናቷ ቤት ገብታ ለብቻዬ ልተኛ ስትል ምን እንበል?»

በመጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ላቤ ተከተለ። አዲስ አበባ እኔና አማረች የእውነት ብንጣላ ጎረቤታችን የሚያደርገው የቴሌቪዥኑን ድምፅ መጨመር ነው። እዚህ አንድ ቀን ዝም ብለን በመዋላችን ገበያ ሥራውን ትቶ ሽማግሌ ልኮብናል። ተናደድኩ እንዳልል፣ ከልቤ ነው ደስ ያለኝ፤ ግን የማልኩት መሐላ አፌን ይዞታል።

«አልተጣላንም» አልኩ።

«የተጣላ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው» አሉ ጋሽ ከድር። ጎንበስ ብለው ወደ እኔ ቀረቡ። «እሺ ልጄ፣ ከእንሰቱ ጀርባ ተደብቀህ የምትደውልላት ሴት ማናት?»

ጎመኗ! ወደ አማረች ዞርኩ፣ ወደ መሬት ዞርኩ። ውሸት ሥራዬ አይደለም፤ መሐላዬንም አላፈርስም። የቀረኝ እውነቱን አሳጥሮ መናገር ነበር።

«ነርስ ናት» አልኩ።

እውነት ተናግሬ እንዲህ የባሰ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። ብዙነሽ «ነርስ!» ብላ ጭኗን መታች። ጋሽ ማቴዎስ መነፅራቸውን አወለቁ። ጋሽ ኤርሲዶ ከተቀመጡበት ተነሱ፣ ጋሽ ከድር ክንዳቸውን ይዘው አስቀመጧቸው።

አማረች ቀና አለች። «ደወልክ?» አለችኝ።

«ጥቂት ነው።»

«ጽሞና ላይ ሆነህ?»

«ከእንሰቱ ጀርባ ነው፣ በርጩማው ላይ አይደለም።»

ሳቀች። አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፤ ሳቁ መሀል ላይ ተለወጠና ልቅሶ ሆነ። ዓይኗን ጠርጋ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች።

«አልተጣላንም ጋሼ» አለች። «ፈርተን ነው።»

ከዚያም እጇን በነጠላዋ ላይ፣ በግራ በኩል አስቀምጣ፣ ስለ እብጠቱ፣ ስለ ናሙናው፣ ስለምንጠብቀው ስልክ ነገረቻቸው። «ለማንም እንዳይናገር ያስማልኩት እኔ ነኝ። ልቅሶ ሳይሆን ጸጥታ ፈልጌ ነው የመጣሁት። ካወራሁት ይበልጥ የምፈራ መሰለኝ።»

ብዙነሽ ትንፋሿን ስትስብ ሰማሁ። ልቅሶው ሊነሳ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጋሽ ከድር እጃቸውን አነሱ።

«ቆዩ» አሉ። «ልጅቷ ልቅሶ ብትፈልግ በጠየቀችን ነበር። የጠየቀችው ዝምታ ነው። ሽማግሌ የመጣበትን ሳይጨርስ አይነሳም። አብረናት ዝም እንላለን።»

ተቀመጥን። መጀመሪያ ላይ ዝምታ ሊባል አይችልም ነበር። ጋሽ ኤርሲዶ ያስላሉ፤ ዶሮዋ መሀላችን ገብታ ትጭራለች፤ ጋሽ ማቴዎስ ኪሳቸው ውስጥ መቁጠሪያቸውን ያንኮሻኩሻሉ። አንድ መንገደኛ በክፍቱ በር ገብቶ ሰላምታ ሊጀምር ሲል ጋሽ ከድር ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው አግዳሚውን አሳዩት። ሰውየው ቆቡን አውልቆ ተቀመጠ። ሌላዋም መጣች፣ ተቀመጠች። ጎመን የምትቀነጥሰዋም መጣች፤ ወደ እኔ ግን አላየችም። ግቢው ሞላ። ግማሹ ለምን እንደተቀመጠ አያውቅም፣ ሆኖም የሚነሳ የለም። የጋሽ ከድር ስልክ አዛን ሲያሰማ ቀስ ብለው ተነስተው ጥግ ላይ ሰገዱና ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

እኔ እዚያ መሀል እንደ ልማዴ ልመናዬን ጀመርኩ። ውሃ የቋጠረ ይሁን፣ ካልሆነ ስብ ይሁን። ከዚያ ቃል አለቀብኝ። የእውነት አለቀ። አማረች እንዳትፈራ ያለችኝ ቦታ ይህ መሆኑ ገባኝና በጣም ፈራሁ፤ ምክንያቱም ያ ሁሉ ወሬዬ እሷን ይዤ የቆምኩበት ገመድ ይመስለኝ ነበር። ዝም ካልኩ የምትወድቅ መስሎኝ። እጄ ደከመ። ለቀቅኩ። አጠገቤ ዞር ብዬ ሳይ አማረች እንደነበረች ተቀምጣለች፤ አልወደቀችም። ቀድሞም የያዛት እኔ አልነበርኩም። ፍርሃቱ ቦታው ላይ አለ፣ አልዋሽም። ነገር ግን ከሱ ስር፣ ጠለቅ ብሎ፣ የሚያርፉበት ነገር አገኘሁ። እምነት ብዬ ብጠራው የዋሸሁ አይመስለኝም። እንባዬ ወረደ፤ ማንም አልጠየቀኝም።

ብዙ ከቆየን በኋላ ጋሽ ማቴዎስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሽማግሌ ሆነን መጥተን ሳናስታርቅ አንሄድም» አሉ። «ሳትጣሉም ቢሆን ታረቁ። ለሚቀጥለው ይቆጠርላችኋል።» ተነስተን ተቃቀፍን። ሁለቱም መረቁን። ጋሽ ኤርሲዶ እኔን ሲያቅፉኝ አጥንቴ እስኪንቋቋ ነው። ብዙነሽ በዚያው ቅቤ አነጠረች፤ ቀዩ ሻንጣም ተከፈተና ግቢው ስጦታ በስጦታ ሆነ። ጎመን የምትቀነጥሰዋ ሳይቀር ለአንዲት ዘመዳችን የመጣች ሻርፕ ደረሳት። ይገባታል፤ ያለሷ እዚህ አንደርስም ነበር።

አምስተኛው ቀን፦ በአዲሎ ወደ ቤት

ስንመለስ ጋሽ ከድር «በኔ መኪና ነው» ብለው ሌላ አማራጭ ከለከሉን። ዕቃ ወደ ሀላባ የሚያደርሱበት ጊዜ ነው አሉ፤ ቅመሙ ከአንድ ማዳበሪያ እንደማይበልጥ ግን አይቻለሁ። ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ጋሽ ከድር ሲነዱ ወሬ ይወዳሉ፣ ለወሬ ደግሞ ወደሚያናግሩት ሰው ይዞራሉ፣ መሪውም አብሮ ይዞራል። እግሬን አቆላልፌ ተቀመጥኩ።

አዲሎ ላይ ሻይ ልንጠጣ ቆምን። መኪና እያራገፈ የሚጭንበት፣ ሙዝና አቮካዶ በየመስኮቱ የሚዘረጋበት የመንገድ ከተማ ነው። ስልኬ እዚያ ጮኸ። ነርሷ ናት። «ውጤቱ ደርሷል። በስልክ አንናገርም፣ ሲመቻችሁ ኑ» አለችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ሲስተር፣ እባክሽ፣ በእናትሽ» ብዬ አዲሎን አስጨንቅ ነበር። «እሺ፣ እንመጣለን» ብዬ ዘጋሁ። አማረች ፊቴን አየችው።

«ደርሷል» አልኳት።

«ሻይህ ይቀዘቅዛል» አለችኝ። ጠጣን። ጋሽ ከድር ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ፤ ሒሳቡን ከፍለው አንድ ዘለላ ሙዝ አማረች ጭን ላይ አስቀመጡ። ሀላባ ላይ ሌላ መኪና አሳፍረውን መንገዱ እስኪጋርደን ድረስ እጃቸውን ዘርግተው ቆመው ነበር።

በማግስቱ ሐኪሙ ፊት ተቀመጥን። ቃሉን በዚህ ጊዜ ጠራው፤ ካንሰር ነው። ቶሎ መገኘቱን፣ ቀዶ ሕክምናና መድኃኒት እንዳለው፣ መንገዱ ረጅም መሆኑን ነገረን። አማረች «መቼ እንጀምር?» አለችው። ቀን ሰጠን። እኔ አንድም ጥያቄ አልጠየቅኩም። ተነስተን ወጣን፣ ኮሪደሩን ሄድን፣ ደረጃው ላይ ስንደርስ ቆመች። እጄን ያዘችኝ።

«ግርማ» አለች፣ «አውራ እንጂ።»

«ምን ላውራ?»

«የፈለግከውን። ዝምታው በቃኝ፤ አሁን ድምፅህን ልስማ።»

አወራሁ። መሪውን ለቅቃ ዓይኗን በሁለት እጇ ስለሸፈነችው ተማሪዬ አወራሁ፤ የትራፊክ ፖሊሱን አባቷ መስሏት ስለሳመችው፤ ሳልጨርስ ሌላ ጀመርኩ፤ ደረጃውን ወርደን፣ በሩን ወጥተን፣ ታክሲ እስክንይዝ ድረስ አላቆምኩም። አማረች ትከሻዬ ላይ ተደግፋ እየሳቀች ታለቅሳለች። ውስጤ ግን ያን ሁሉ ጊዜ ጸጥ ብሎ ነበር።